ጀበናው ይምጣ፣ ከሰሉ ይቅር

ጥያቄ፦ «እኔ 67፣ ባለቤቴ 71 ዓመታችን ነው። የምንኖረው ሎንዶን ነው። እሱ ለብዙ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እኔም በቅርቡ ሥራ አቁሜያለሁ። ልጆቻችን ‹እስቲ ወጣ በሉ› ብለው የካምፐርቫን ኪራይ ሊከፍሉልን ነው። ከማርች 15 ቀን 2027 ጀምሮ 10 ሌሊት ሰሜን እንግሊዝን ልንዞር አስበናል። ዮርክ፣ ዊትቢ፣ ደርሃም፣ ሊንዲስፋርን፣ የሃድሪያን ግንብ፣ ኬዚክ፣ ዊንደርሚር፣ ሆውዝ፣ ማላም የሚል ዝርዝር አውጥተናል። መኪና ውስጥ አድረን አናውቅም። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፣ ብርድም አልችልም። ወቅቱ ደግሞ ሁዳዴ ነው። ምን ዓይነት ቫን ይሻለናል? ማሞቂያውስ ያስተማምናል? ጀበናዬን ይዤ ብሄድ ችግር አለው?»

ምላሽ፦

እትዬ፣ የጀበናውን ነገር መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ሌላ ሌላውን እንጨርስ።

እኔ ዮርክሻየር ውስጥ ካምፐርቫን በሚያከራይ ግቢ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጋዙን እፈትሻለሁ፣ ማሞቂያውን አስነስቼ አያለሁ፣ ቁልፍ አስረክባለሁ። ብዙውን የተማርኩት ግን ሰዎች ቁልፍ ሲመልሱ ከሚሉት ነው። በማርች ወጥቶ የተመለሰ ሰው «ያየሁት ቦታ አነሰኝ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። «በረደን» ይላል። «ልብሳችን አልደርቅ አለ» ይላል። «ስንጠቀልል፣ ስንዘረጋ፣ ስንነዳ ከረምን» ይላል። ስለዚህ ከዝርዝራችሁ ልጀምር። ዘጠኝ ቦታ በ10 ሌሊት አይሆንም። ሦስት ማደሪያ ያዙ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቫን ሲነሳ እንደ መኪና ቁልፍ አዙሮ መሄድ የለም። የኤሌክትሪኩ ገመድ ይነቀላል፣ ይጠቀለላል። ጋዝ ይዘጋል። የጣሪያው መስኮት ይዘጋል። ቆሻሻ ውሃ ይደፋል፣ ንጹሕ ውሃ ይሞላል። ኩባያ፣ ድስት፣ ጫማ፣ ሁሉም ቦታ ቦታው ይገባል። ካልገባ የመጀመሪያው አደባባይ ላይ ወለሉ ላይ ታገኙታላችሁ። ለጀማሪ ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ ደግሞ በተቃራኒው ይደገማል። ገመዱን ሳይነቅል ነድቶ የሄደ ደንበኛ ነበረኝ። ተናዶ ሳይሆን ቸኩሎ ነው። በየቀኑ ከተንቀሳቀሳችሁ ዕረፍቱ የጓዝ ሥራ ይሆናል።

ቀጥሎ ቀኑ። በ2027 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 28 ነው፤ በጣም ቀደም ብሏል። የኛው ሜይ 2፣ ማለትም ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ይውላል። ትምህርት ቤቶች እንደየአካባቢው በነሱ ፋሲካ ዙሪያ ሁለት ሳምንት ያህል ይዘጋሉ፤ ካምፑ ሁሉ በልጅ ይሞላል፣ ዋጋውም ይወጣል። እናንተ ያሰባችሁት ከዚያ በፊት ስለሆነ ከግርግሩ ታመልጣላችሁ። ግን በማርች አጋማሽ ገና ያልተከፈቱ ሳይቶች፣ ማለትም የካምፕ ቦታዎች፣ አሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲልም ይጨልማል። (ሰዓቱን በኛው አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ቫን ውስጥ ጨለማ ሲረዝም ይሰለቻል።

ጡረተኛ ናችሁ፣ ቀኑ በእጃችሁ ነው። ወደ ሰኞ ኤፕሪል 12 ግፉት። ተማሪው ተመልሷል። ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ግልገሎች ተወልደው መስኩ ላይ ይዘላሉ። ዳፎዲል የሚባለው ቢጫ አበባም ገና አላለቀም። አደይ አበባን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ልቡ ትንሽ ይደነግጣል። ሁዳዴውም አይቀርባችሁም፤ ማርች 8 ገብቶ እስከ ሜይ 2 ይዘልቃል።

ቫኑን ከሎንዶን አትከራዩ። ከሎንዶን እስከ ዮርክ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም አንድ አንድ ቀን አውራ ጎዳና ላይ ያልቃል። ከኪንግስ ክሮስ ዮርክ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ሲኒየር ሬልካርድ የቲኬቱን አንድ ሦስተኛ ይቀንሳል። ዮርክ ደርሳችሁ ከቫኑ 10 ሌሊት ውጪ አንድ ሌሊት ሆቴል እደሩና በማግስቱ እዚያው አካባቢ ወይም ሊድስ ቫኑን ተረከቡ። ከተማዋን በእግር እዩ። ትልቁ ካቴድራል አጠገብ የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ሐውልት አለ። አዎ፣ የንግሥት እሌኒ ልጅ። በ306 ወታደሮቹ ንጉሠ ነገሥት ብለው ያነገሡት ዮርክ ላይ ነው። በየዓመቱ ለመስቀል ደመራ እየደመርን ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሊድስ ላይ የምትረከቡ ከሆነ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ አስቡት። ልዑል ዓለማየሁ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ያረፈው እዚያ፣ ሄዲንግሊ በሚባለው ሰፈር ነው። ገና 18 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ ዊንዘር ነው።

አሁን ወደ ቫኑ ዓይነት። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ ነው። እኔ ግን ለናንተ የምጀምረው ከአልጋው ነው። ስድስት ሜትር የማይሞሉ ብዙ ቫኖች ውስጥ አልጋው ከኋላ በኩል በአግድም የተዘረጋ ነው። ከውስጥ የተኛው ሰው ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ከውጭ የተኛውን ተሻግሮ ይወርዳል። በ67 ዓመት፣ በሚያም ጉልበት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት! ስለዚህ በቁመት የተዘረጉ ሁለት ነጠላ አልጋዎች ያሉትን ጠይቁ። አከራዮቹ ትዊን ሲንግል ይሉታል። መሀሉ መተላለፊያ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ በኩል ይወርዳል። በየማታው ወንበር አጥፎ አልጋ መሥራትም አይኖርም።

ጣሪያው ድፍን የሆነውን ምረጡ። ወደ ላይ የሚከፈተው የሸራ ጣሪያ ለጁላይ ደስ ይላል፤ በኤፕሪል ንፋስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጫቀጭ ያድራል፣ ብርዱንም ያስገባል። መጸዳጃ ውስጡ ያለው ይሁን። በዝናብ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ሣር ላይ እየተንሸራተቱ ወደ ካምፑ መጸዳጃ መሄድ አይገባችሁም። የጎን በሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ተጨማሪ መወጣጫ ደረጃ አብሮ እንዲሰጣችሁ ንገሯቸው። ካልነገራችኋቸው ላያስታውሱት ይችላሉ።

ስለ መንጃ ፈቃድ ለጋሼ አንድ ነገር። «ባለ ሁለት ፎቅ ነድቻለሁ» ብለው ትልቁን እንዳይመርጡ። 70 ሲሞላ መንጃ ፈቃድ በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል። ሲታደስ የሕክምና ምርመራ ካልቀረበ ከ3,500 ኪሎ በላይ የመንዳት መብቱ ይቀራል። ስለዚህ የቫኑ ሙሉ ክብደት ከ3,500 ኪሎ እንዳይበልጥ። ብዙ አከራዮች ደግሞ የዕድሜ ጣሪያ አላቸው፤ 71 መሆናቸውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ተናገሩ። የመድን ጉዳይ ቁልፍ መረከቢያ ጠረጴዛ ላይ ሲነሳ አይቻለሁ። ሻንጣ ይዞ መመለስ ያሳፍራል። ቫኑን ስትረከቡም ውጪውን፣ ውስጡን፣ ጎማውን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ጉዳት ቢደርስ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ብዙ ጊዜ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው።

የቫኑን ቁመት በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ፊት ለፊት ለጥፉ። ድፍን ጣሪያ ያለው 2.7 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ያለው ብረት ደግሞ ሁለት ሜትር አካባቢ ነው። ጋሼ በአውቶቡሱ ዘመን መስመሩ ተሰልቶ ይሰጣቸው ነበር። አሁን የሚያሰላላቸው የለም።

ብርዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ጥያቄዎ እሱ ነው። የሰሜን እንግሊዝ ብርድ በዲግሪ ሲያዩት አያስፈራም። በኤፕሪል አጋማሽ ሌሊት ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ይወርዳል፤ አልፎ አልፎ ውርጭ ይጥላል። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ይስቅበታል። ልዩነቱ እርጥበቱ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። ይኼኛው ካልሲ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ስለዚህ በሦስቱም ማደሪያ ኤሌክትሪክ ያለው ቦታ ያዙ። ሁክ አፕ ነው የሚሉት። ቫኑን በገመድ ከምሰሶ ጋር ታገናኛላችሁ፤ ማሞቂያው ያለ ሐሳብ ሌሊቱን ይሠራል። ብዙ ሳይት ላይ ኃይሉ 16 አምፔር ነው፣ አንዳንዱ ጋ 10። 10 አምፔር ማለት 2,300 ዋት ነው። የቤታችሁ ፈጣን የውሃ ማፍያ ብቻውን 3,000 ዋት ይበላል። ማሞቂያ ላይ እሱን ስትጨምሩ መብራቱ ጥፍት ይላል። 1,000 ዋት ገደማ የሚፈጅ ትንሽ ማፍያ ያዙ። የኤሌክትሪክ ምጣድማ አታስቡት። ገመዱን ደግሞ ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ተጠቅልሎ እንዳለ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ይግላል። ቀልጦ የመጣልኝ አለ።

ምድጃው የሚሠራው በጋዝ ነው። ሲረከቡ ሲሊንደሩን አይታችሁ ጠይቁ። እዚህ አገር በብዛት የሚታየው ቀዩ ሲሊንደር ፕሮፔን ነው፣ ሰማያዊው ቡቴን። ቡቴን ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋ እንፋሎት መሆን ያቆማል። ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ እሳቱ ይሞታል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪም ቢሆን ይሠራል። ለዚህ ወቅት ፕሮፔን ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፤ በየፀደዩ ስልኬ የሚጮኽበት ጉዳይ ነው። ብዙ ቫኖች ላይ የውሃ ማሞቂያው ከውርጭ ራሱን የሚጠብቅበት ትንሽ ቧንቧ አለ። ቅዝቃዜው ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳይፈነዳ ብሎ ራሱ መሬት ላይ ይደፋዋል። ጠዋት ስትነሱ ሙቅ ውሃ የለም፣ ከቫኑ ሥር ኩሬ አለ። «ቫኑ ተበላሸ» ብሎ የሚደውለው ብዙ ነው። አልተበላሸም። መጀመሪያ ቫኑን አሙቁ፣ ከዚያ ቧንቧውን ዘግታችሁ ውሃ ሙሉ። አካባቢው 7 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ቧንቧው አልዘጋም ብሎ ያስቸግራል፤ አትታገሉት። ሌሊት ማሞቂያውን ዝቅ አድርጋችሁ ካሳደራችሁት ይህ ሁሉ አይደርስባችሁም።

ማታ የጣሪያውን መተንፈሻ ትንሽ ክፈቱት። «ብርድ ይገባል» ብሎ ሁሉን ዘግቶ የተኛ ሰው ጠዋት መስኮቱ ላይ የራሱ ትንፋሽ ውሃ ሆኖ ሲወርድ ያገኘዋል። ፍራሹ ይረጥባል፣ በሦስተኛው ቀን ይሸታል። ሙቀትና ትንሽ አየር አብረው ይሁኑ። ለመስታወቱ መሸፈኛ ጠይቁ፣ ፎጣ ያዙ፣ ጠዋት ጠዋት ጥረጉ።

መጸዳጃው ቶሎ ይሞላል። ከሥሩ ያለው ሳጥን 18 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ሁለት ሰው ከተጠቀመበት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይሞላል። ቀን ቀን የካምፑን ተጠቀሙ፣ የቫኑን ለሌሊት ተዉት። የሚደፋው ሳይቱ ላይ ለዚሁ በተዘጋጀው ቦታ ብቻ ነው። ማን ይደፋዋል የሚለውን ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ።

ቦታ ስትይዙ ጠጠር የተነጠፈበት ይሁን በሉ። ሣር ላይ የቆመ ከባድ ቫን ከሁለት ቀን ዝናብ በኋላ አይነሳም፤ በትራክተር ሲጎተት አይቻለሁ። ለአምስት ተሽከርካሪ ብቻ የተፈቀዱ ትንንሽ የገበሬ ግቢዎችም አሉ። የትልልቆቹ ክለቦች አባላት ብቻ ናቸው የሚያድሩባቸው። ጸጥታቸው ድንቅ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ሻወር የላቸውም። ለመጀመሪያ ጉዞ ሞቃት መታጠቢያ ያለው ትልቅ ሳይት ይሻላችኋል። «መንገድ ዳር አቁመን እናድራለን» የሚል ሐሳብ ካለ ይቅር። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ባለ መሬቱ ፈቃድ እንዲያ አይታደርም። ስኮትላንድ ይፈቀዳል የሚሏችሁ ስለ ድንኳን ነው እንጂ ስለ መኪና አይደለም።

የመጀመሪያው ማደሪያ ዊትቢ አጠገብ፣ ሦስት ሌሊት። ከፒከሪንግ ወደ ዊትቢ በኤ169 ስትሄዱ ሜዳውን ጨርሳችሁ ስሌይትስ ከመድረሳችሁ በፊት ብሉ ባንክ የሚባል ቁልቁለት አለ። ከአምስት ሜትር አንድ ሜትር ይወርዳል። ፍሬን ለከዳው መኪና ማምለጫ መንገድ ሠርተውለታል። በትንሽ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ።

ዊትቢ ለናንተ ከማንም ቱሪስት በላይ ትርጉም አላት። ገደሉ ላይ ያለው የፈረሰ ገዳም በ657 ተመሠረተ፤ እመ ምኔቷ ሂልዳ ትባላለች። በ664 አንድ ጉባኤ እዚያ ተደረገ። የተከራከሩት ስለ ፋሲካ ቀን ነው። የነሱ ባሕረ ሐሳብ በሉት። ንጉሡ ኦስዊ በአየርላንዶች ቁጥር፣ ንግሥቲቱ በሮም ቁጥር ነበር የሚያከብሩት። ስለዚህ አንዳንድ ዓመት ንጉሡ ፈስኮ ሥጋ ሲበላ ንግሥቲቱ ገና ሆሣዕና ላይ ናት፣ ትጾማለች። አንድ ቤት፣ ሁለት ማዕድ። ንጉሡ በመጨረሻ ለሮም ፈረደ። እናንተም ፈረንጁ ፋሲካውን ጨርሶ ሲቀመጥ በጾም እዚያ ትደርሳላችሁ። ወደ ገዳሙ የሚወጡት ደረጃዎች 199 ናቸው። እትዬ፣ ለጉልበትዎ አይሆኑም። ከላይ ገዳሙ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ በዚያ በኩል ሂዱ።

ዊትቢ በአሳና ድንች ጥብስ ስሟ የታወቀ ነው። ዓሣውን በጾም መብላት አለመብላት የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ድንቹን ግን ሳትጠይቁ አትብሉ። ዮርክሻየር ውስጥ ብዙ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው፤ የጥንት ልማዳቸው ነው፣ ይኮሩበታልም። ድንች ብቻ ነው ብሎ ሁዳዴውን በሞራ የገደፈ ወዳጅ አለኝ። «በዘይት ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በዘይት የሚጠብሱም አሉ።

የቤታችሁን ምግብ ያዙ። ግን ቁሌቱን ቫን ውስጥ አታቁላሉ። ሽንኩርትና በርበሬ መጋረጃውና ፍራሹ ውስጥ ይገባል፤ ስትመልሱ የጽዳት ክፍያ ያስከትላል። ምስር ወጡን፣ ክኩን ሎንዶን ሠርታችሁ በየአንድ ማዕዱ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት። ሽሮ እዚያው ለብ ማድረግ ይቻላል። እንጀራው በዚያ እርጥበት ቶሎ ይሻግታል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይዋል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ካለ መድኃኒቱን ማቀዝቀዣው የኋላ ግድግዳ ጋ አታስጠጉት፤ በረዶ ይሠራል፣ ኢንሱሊን ደግሞ በረዶ ከነካው አይሆንም።

ሁለተኛው ማደሪያ የኖርዘምበርላንድ ባሕር ዳር፣ ባምበራ ወይም ሲሃውዝስ አካባቢ፣ ሦስት ሌሊት። ደርሃምን ለሌላ ጊዜ ተዉት። ከሎንዶን ባቡር በቀጥታ ይወስዳችኋል፤ በቫን የከተማ ውስጥ መንገድ አትጨናነቁ።

ከዚህ ሊንዲስፋርን ቅርብ ነው። ዊትቢ ላይ በክርክሩ የተረታው ጳጳስ ኮልማን መንበሩ እዚህ ነበር። ከተረታ በኋላ ጥሎ ሄደ። ገዳሙን በ635 የመሠረተው አይዳን የሚባል መነኩሴ ነው። ደሴቲቱ ከመሬት ጋር የምትገናኘው በአንድ መንገድ ነው፤ ያንን መንገድ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይውጠዋል። ለመሻገር የማያሰጋውን ሰዓት የኖርዘምበርላንድ ካውንስል ያወጣል፣ መንገዱ አፍ ላይም ተለጥፏል። በየዓመቱ «ትንሽ ውሃ ናት» ብሎ ገብቶ መኪናው የሚሰጥም ሰው አለ። መሀል መንገድ ላይ በእንጨት እግር የቆመች ነጭ ጎጆ ታያላችሁ፤ ለነሱ የተሠራች ናት። የኪራይ ቫን የባሕር ውሃ ከነካው መድን አይከፍልላችሁም ብላችሁ አስቡ። ሰዓቱ ከመድረሱ በፊት ውጡ፣ ደሴቲቱ ላይም ለማደር አታስቡ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ስትሻገሩ የሃድሪያን ግንብ መንገዳችሁ ላይ ነው፤ ሌላ ሌሊት አይፈልግም። ሮማውያን በ122 የጀመሩት፣ 117 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ አጥር ነው። ሃውስስቴድስ ላይ ቁሙ። ስለዚህ ግንብ በጥንት የሮም ጽሑፍ ውስጥ አንድ ወሬ አለ። አፍሪካ የተወለደው ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ግንቡ አጠገብ ሲያልፍ አንድ «ኢትዮጵያዊ» ወታደር የአበባ ጉንጉን ይዞ ገጠመው። ቀልደኛ ወታደር ነበር ይላል። ንጉሡ ግን ክፉ ገድ ነው ብሎ ደነገጠ። በ211 ዮርክ ላይ ሞተ። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰውን ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉ ስለነበር የኛ አገር ሰው ነው ለማለት አይቻልም። ግን እዚያ ንፋስ ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ቀልደኛ ጥቁር ወታደር… እኔ ባለፍኩ ቁጥር እሱን ነው የማስበው።

ሦስተኛው ማደሪያ ሌክ ዲስትሪክት የሚባለው የሐይቆች አካባቢ፣ ኬዚክ ወይም ዊንደርሚር፣ አራት ሌሊት። እዚህ ዝናቡን ተቀበሉት። ቦሮዴል ሸለቆ ውስጥ ያለችው ሲትዌይት በዓመት 3,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል፤ የአዲስ አበባ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። እና መንገዱ። ናቪጌተሩ «አቋራጭ» ብሎ በሃርድኖት እና በራይኖዝ ማለፊያ ሊልካችሁ ይችላል። እሺ አትበሉት። አንዳንዱ ቦታ ከሦስት ሜትር አንድ ሜትር የሚወጣ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ጠመዝማዛ ነው። ከርክስቶን ማለፊያ 454 ሜትር ላይ ነው፤ በደረቅ ቀን ይቻላል፣ ኤፕሪል ውስጥ ግን በረዶ ሊያገኛችሁም ይችላል።

እዚህ ላይ ለጋሼ ያለኝ ሐሳብ ይመጣል። ቫኑን አቁሙት፣ በአውቶቡስ ሂዱ። ሁለታችሁም ፍሪደም ፓስ፣ የሎንዶን አረጋውያን የነጻ ጉዞ ካርድ፣ ይኖራችኋል። ያ ካርድ ሎንዶን ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በመላው እንግሊዝ የአካባቢ አውቶቡስ ላይ ይሠራል፤ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ። 555 ቁጥር አውቶቡስ ከዊንደርሚር በአምብልሳይድና በግራስሚር በኩል ኬዚክ ድረስ በሐይቆቹ ዳር ይሄዳል። ዊትቢ ላይ 840 ቁጥር ሜዳውን አቋርጦ ወደ ፒከሪንግ ይወርዳል። ኖርዘምበርላንድ ውስጥ ኤክስ 18 በባሕሩ ዳር ያልፋል። ሁሉም በነጻ። ለማቆሚያ ክፍያ የለም፣ ከጠባብ መንገድ ጋር ትግል የለም። ጋሼም በሕይወታቸው ሙሉ መሪ ይዘው ያለፉትን አገር ከላይኛው ፎቅ፣ ከፊት ወንበር ያዩታል። ሹፌሩን መተቸታቸው ግን አይቀርም፤ ይታገሱዋቸው።

ሆውዝና ማላም ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ስትመለሱ በዮርክሻየር ዴልስ በኩል እለፉና ሪብልሄድ ላይ ሻይ ጠጡ። ባለ 24 ቅስት የባቡር ድልድይ ነው፤ የ1870ዎቹ ሥራ። ከበታቹ በግና ግልገል። ያ ይበቃል። በዴልስ ውስጥ ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ የሳይቶቹን ስልክ በወረቀት ጻፉ።

አሁን ጀበናው። ይምጣ እንጂ! ግን ከሰሉ ይቅር። ማንደጃ ቫን ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን፣ በጭራሽ አይገባም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ፍሙ የጠፋ መስሎ ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል አጭሶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም ሰምተናል፤ ቫን ደግሞ ከየትኛውም ክፍል ይጠባል። የምድጃውን እሳት አብርቶ ለማሞቂያ መጠቀምም ያው ነው። ስትረከቡ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያው መኖሩን እዩ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ ሲጮኽ ስሙት።

ቡናውን ቤት ቁሉት፣ ውቀጡት ወይም አስፈጩት፤ በደንብ በሚከደን ዕቃ ያዙት። ቫን ውስጥ ብትቆሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሰፈሩን ያስነሳል። ዕጣኑም ለሚቀጥለው ተከራይ ይተርፋል። የሸክላው ጀበና ቂጡ ክብ ስለሆነ በቫኑ ትንሽ ምድጃ ላይ አይረጋም፤ ቀዝቅዞ ያደረ ሸክላ ነበልባል ሲነካውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ የብረት ጀበና ካለዎት እሱ ይሻላል። የሸክላው ካልሆነ አይጥመኝም ካሉ ከሥሩ ነበልባል የሚበትን ብረት አድርጉለት፣ እሳቱ ትንሽ ይሁን፣ እጅዎም አጠገቡ ይሁን። መንገድ ላይ በጋቢ ጠቅልሉት፤ ሲኒዎቹንም እንዲሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዝናቡ ያቆመ ለታ ቡናውን ውጪ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ጠጡት። ጎረቤት ቫን ውስጥ ያሉት ሽማግሌ እንግሊዞች ሽታው ደርሷቸው «ደህና ዋላችሁ፣ ምን ዓይነት ቡና ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከሁለት በላይ ሲኒ ያዙ።